ሹራብ ሲሠራ ደስ የሚለው የቱ ጋ ነው? ጥያቄውና የመጡት 22 መልሶች

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሹራብ ሲሠራ ደስ የሚለው የቱ ጋ ነው? እኔ ልሙጡ ላይ ነው ባይ ነኝ። በአንዱ ረድፍ ቀጥታ፣ ተገላብጦ ሲመጣ ግልባጭ፣ ሌላ ምንም የለም። መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ክር፣ 4 ሚሊሜትር መርፌ፣ 40 ዐይን (በመርፌው ላይ የሚጫነው እያንዳንዱ የክር ቀለበት አንድ ዐይን ነው)። ከ10 ረድፍ በኋላ እጅ መንገዱን ይይዛል። ጣት ግልባጩን በጉብታው፣ ቀጥታውን በልስላሴው ስለሚለይ የራሳችን ዐይን ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። ንድፍ የበዛበት ሥራ ግን ወረቀት ላይ ያስተክላል፤ ረድፍ ሲቆጠር ይመሻል። ለጀማሪም የምመክረው ይኸንኑ ነው፦ 40 ዐይን ጭኖ ልሙጥ የአንገት ልብስ መሥራት። አይደለም የሚል ካለ ይምጣ። አንድ ልመና ብቻ፦ የሕይወት ታሪክ ይቅር። የክሩ ዓይነት፣ የመርፌው ቁጥር፣ የት ላይ እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ ይነገር።

መልሶቹ እንደሚከተለው ሄዱ። ቃል በቃል አልገለበጥኳቸውም፤ ተራ ቁጥራቸውን ግን ጠብቄአለሁ።

1ኛው መልስ በጨዋ ደንብ ተስማማ፤ እንዲያውም ከተባለው አንድ እርምጃ አለፈ። ልሙጥ ከተወደደ መገላበጡ ለምን አስፈለገ፣ በዙር ይሠራ ነው የሚለው። በዙር ሲሠራ የሥራው ፊት ሁልጊዜ ወደ ሠሪው ስለሚሆን ግልባጭ የሚባል ነገር የለም፤ እስከ መጨረሻው ቀጥታ ብቻ ነው። የሰጠው ምሳሌ የአዋቂ ቆብ ነው። በ10 ሳንቲሜትር 20 ዐይን ከወጣ፣ 100 ዐይን መጫን 50 ሳንቲሜትር ዙሪያ ይሰጣል፤ 56 ሳንቲሜትር የሆነ ራስ ላይ ተለጥጦ ልክ ይቀመጣል። መርፌው ሁለቱ ጫፎች በገመድ የተያያዙት ዓይነት፣ ጠቅላላ ርዝመቱም 40 ሳንቲሜትር ይሁን፤ 60 ከሆነ ዐይኖቹ ተወጥረው ጫፍ ለጫፍ አይደርሱም። የሚበላሸው ዙሩ ሲገጠም ነው። የተጫኑት ዐይኖች በገመዱ ላይ አንድ ጊዜ ከተጠማዘዙ የሚወጣው ቆብ ሳይሆን ጥምዝ ቀለበት ነው፤ 5 ዙር ተሠርቶ ከታየ ከመተርተር በቀር መላ የለውም። ስለዚህ ከመግጠም በፊት የታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን በሙሉ ወደ ክቡ ውስጥ መመልከቱን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ ነው።

2ኛው በሁለት መስመር አከለበት፦ መጀመሪያ ሁለት ረድፍ ጠፍጣፋ ሠርቶ ከዚያ መግጠም። ጠርዙ ወፈር ስለሚል ጥምዙ ከሩቅ ይታያል፤ የምትቀረዋን ትንሽ ክፍተት በመነሻው ክር ጅራት መስፋት ነው።

3ኛው ላይ ጨዋነቱ ሳሳ። የያዘው የመክፈቻውን ምክር ነው። 40 ዐይን ልሙጥ የሚሠራ ጀማሪ የሚያገኘው የአንገት ልብስ ሳይሆን ቱቦ ነው አለ። የልሙጥ ሥራ ሁለት ጎኖች ወደ ጀርባ፣ ላይና ታቹ ደግሞ ወደ ፊት ይጠቀለላሉ። ምክንያቱ ክሩ ራሱ ነው፦ እያንዳንዱ ዐይን የታጠፈ ክር ነው፤ የታጠፈ ክር ደግሞ ቀጥ ልበል ይላል። በልሙጥ ሥራ ሁሉም ዐይን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ የሚመክተው የለም። ቀጥታና ግልባጩ በአንድ ፊት ላይ ሲቀላቀሉ ግን ግፊቱ ይጣፋል። ካውያ መፍትሔ አይሆንም፤ ተስተካክሎ አድሮ በማግሥቱ ይጠቀለላል። ግራና ቀኝ 5 ዐይን ሁልጊዜ ቀጥታ መሥራትም ጠርዙን ያሳርፈዋል እንጂ ጠባብ ልብስ ከነጠርዙ ታጥፎ መዞሩ አይቀርም። ለጀማሪ የሚሆነው ሁሉም ረድፍ ቀጥታ የሚሠራው ሸንተረር የሚያወጣው ዓይነት ነው፤ ወይም 2 ቀጥታ 2 ግልባጭ። የ1ኛው ቆብም ቢሆን ከታች 10 ዙር ያህል 2 ቀጥታ 2 ግልባጭ ካልተሠራለት ጠርዙ ግንባር ላይ ይጠቀለላል፤ ሆን ተብሎ ካልሆነ በቀር።

እውነቱን ነው። ሸንተረሩን ማለት ሲገባኝ ልሙጥ ብዬ ጽፌ ተይዣለሁ።

4ኛው ልሙጥ ዕረፍት እንጂ ደስታ አይደለም ብሎ ገባ። ለእሱ ደስታ የሚባለው በቀዳዳ በተነደፈ ሥራ ላይ ሒሳቡ ልክ ሲመጣ ነው። ክሩን በመርፌው ላይ አንዴ መጠቅለል አንድ ቀዳዳና አንድ ትርፍ ዐይን ያወጣል፤ ሁለት ዐይን አንድ ላይ መሥራት አንዱን ይቀንሳል። ሁለቱ በየረድፉ እኩል ከሆኑ ቁጥሩ አይለወጥም። እንግዲህ 61 የነበረው 60 ሆኖ ከተገኘ ንድፉን ሁሉ መበርበር አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተረሳች አንዲት ጥቅል ናት። ቦታዋ ላይ ሲደረስ በሁለቱ ዐይኖች መካከል ያለውን አግዳሚ ክር በመርፌ ጫፍ አንሥቶ እንደ ዐይን መሥራት ነው። ቀዳዳዋ ከጓደኞቿ ትንሽ ትጠብባለች፤ ከታጠበ በኋላ የሚለያት የለም። እዚህ ድረስ መልካም ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ልሙጥ ብቻ የሚሠራ ሰው ማሽን ቢገዛ ይሻለዋል የሚል ነገር ጣለ፤ ለዚያ ማንም መልስ አልሰጠውም።

5ኛው የ4ኛውን ሐሳብ ደግፎ የመድን ክር የሚለውን አስረዳ። ቀጭን፣ የማይጠልፍ፣ በቀለሙ የሚለይ የጥጥ ክር በየ10 ረድፉ፣ ንድፍ በሌለበት ረድፍ ላይ፣ በጥልፍ መርፌ በሁሉም ዐይኖች ውስጥ ማሳለፍ ነው። ከላይ ከተበላሸ የሹራቡን መርፌ አውጥቶ እስከዚያ መተርተር ይቻላል፤ ክሩ ዐይኖቹን ይዞ ይጠብቃል። ቦታ ለመለየት መርፌው ላይ በሚገቡት ምልክት ማድረጊያ ቀለበቶች ውስጥ ግን እንዳይገባ፤ ከገባ ቀለበቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል።

6ኛው ክርክሩን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ወሰደው። ደስታው ልሙጡም ንድፉም አይደለም፣ መተርተሩ ነው አለ። ጨርቅ በመቀስ ከተሳሳቱ አለቀ፤ እንጨትም በመጋዝ ከተሳሳቱ አለቀ። ሹራብ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ክር ስለሆነ ጫፉ ሲሳብ ወደ ልቃቂትነቱ ይመለሳል። የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይህን መልስ ነው፤ ደግሞም በባዶ ፍልስፍና አላቆመም። የተተረተረ የሱፍ ክር የዐይኖቹን ቅርጽ ይዞ ተጨማዶ ይወጣል። እንዲያው ተመልሶ ቢሠራ ዐይኑ ትልቅና ትንሽ እየሆነ ያስቀይማል፤ ሲታጠብም ክሩ ተፍታቶ ልኩ ይለወጣል። ስለዚህ በወንበር መደገፊያ ላይ መጠቅለል፣ አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጎ በሌላ ክር ማሰር፣ ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ሳይጨምቁ በፎጣ ውሃውን መምጠጥ፣ ከዚያ ሰቅሎ ማድረቅ። ሲደርቅ ጭምደዳው አብዛኛው ይለቃል። ማሰሪያው ከጠበቀ ግን እዚያች ቦታ ላይ ውሃው በደንብ ሳይገባ ይቀርና ክሩ እንደተጨማደደ ይወጣል። ረጅም ፀጉር ያለው ሞሄር (ከፍየል ፀጉር የሚሠራ ክር) በዚህ ደንብ አይሄድም፤ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛልና በየዐይኑ በትዕግሥት ካልሆነ ተስቦ ይበጠሳል።

7ኛው ሁሉን መተርተር የሚያስፈልገው ሰው ኪሮሽ የሌለው ነው ሲል ቀለደ፤ ከዚያ ያመለጠ ዐይን እንዴት እንደሚመለስ አንድ በአንድ አስቀመጠ። አንድ ዐይን ከመርፌው ሲሾልክ ከሥሩ ያሉትን እየፈታ ይወርዳል፤ በወረደበት ቦታ መሰላል የመሰሉ አግዳሚ ክሮች ይቀራሉ። እያንዳንዱ አግዳሚ አንድ ረድፍ ነው። መጀመሪያ ዐይኑን ባለበት ማስቆም፦ መርፌ ቁልፍ መውጋት፤ ከሌለ ኪሮሹን ራሱን ማስገባት። ልሙጥ ከሆነ ለስላሳውን ፊት ወደ ራስ አዙሮ፣ ኪሮሹን ከፊት ወደ ኋላ በዐይኑ ውስጥ አስገብቶ፣ ከሁሉ የታችኛውን አግዳሚ ይዞ ወደ ፊት ማውጣት። አሁን አዲስ ዐይን ተወለደ። ቀጥሎ ከላዩ ያለውን አግዳሚ፣ እንዲህ እያሉ እስከ መርፌው። አንድ አግዳሚ ከተዘለለ ከጀርባው እንደ ድልድይ ተወጥሮ ይታያል፤ እዚያ ድረስ መልሶ መጣል እንጂ አይቶ ማለፍ የለም። ሸንተረር ላይ ግን አንዱ አግዳሚ ከፊት አንዱ ከኋላ ስለሚመጣ ሥራውን በየረድፉ መገልበጥ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ዐይኑ መርፌው ላይ ሲመለስ ቀኝ እግሩ፣ ማለትም በመርፌው ግራና ቀኝ ከሚወርዱት ሁለት የዐይኑ ጎኖች ቀኙ፣ ከመርፌው ፊት ይሁን። የተጠገነው ዓምድ መጀመሪያ ጠበቅ ወይም ላላ ብሎ ይታያል፤ በመርፌ ጫፍ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ ክር እያዋሱ ማከፋፈል ነው፤ የቀረውን እጥበቱ ይጨርሰዋል።

8ኛው አንዲት ጀማሪ ያመጣችው ጥያቄ ነው፤ ከርዕሱ ጋር ግንኙነት የለውም። የእሷ ልሙጥ ሥራ ዐይኖቹ እግራቸውን ከፍተው መቆም ሲገባቸው እግራቸውን አጣምረው ይቆማሉ፤ ምን አጠፋሁ ነው ነገሩ። 9ኛው ክሩን አጥብቀሽ ስለያዝሽ ነው፣ 4 ሚሊሜትሩን በ4.5 ቀይሪ ብሎ አለፈ።

10ኛው ይህን ሲያይ አላስቻለውም። ጥብቀት ዐይንን ያሳንሳል እንጂ እግሩን አያጠላልፍም፤ መርፌ ቢቀየር የሚመጣው ትልልቅ ጥልፍልፍ ዐይን ነው። ጥፋቱ ግልባጩ ሲሠራ ክሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ላይ ነው። ክሩ በመርፌው ላይ ከላይ ዞሮ ወደታች መውረድ ሲገባው፣ ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ከወጣ ዐይኑ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ቀኝ እግሩ ከመርፌው ኋላ ይሆናል። በሚቀጥለው ረድፍ እንደ ልማድ ከፊት ባለው እግር ሲሠራ ይጠማዘዛል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ አንዱ ረድፍ ጥምዝ፣ ቀጣዩ ደህና፣ እያለ የሚፈራረቅ ከሆነ ጥፋቱ ግልባጩ ላይ ነው። የ1ኛው ቆብ ሠሪ ይህ ችግር ለዓመታት ሳይታወቀው ሊኖር ይችላል፤ በዙር ግልባጭ የለማ።

11ኛው ጥፋት የሚለው ቃል አልተዋጠለትም። ከሥር ማዞር ራሱን የቻለ አሠራር ነው፣ ክሩን በግራ እጅ ለሚይዝ ሰው እንዲያውም ይቀናዋል፤ የሚያስፈልገው በቀጥታው ረድፍ ላይ ከኋላ ባለው እግር መሥራት ብቻ ነው። እንዲህ ሲደረግ ዐይኑ ይፈታል፤ ሥራውም ከሌላው አይለይም። ትርፍም አለው፦ ከላይ የዞረ ግልባጭ ትንሽ ትርፍ ክር ስለሚወስድ የብዙ ሰው ልሙጥ ከጀርባው ሲታይ ረድፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለያያሉ፤ ከሥር የዞረው ግን አጭር መንገድ ስለሚሄድ ያንን ይቀንሳል። ዋጋው ደግሞ ቅነሳ ላይ ይመጣል፤ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውና ወደ ግራ የሚያዘነብለው ቅነሳ በተገለበጠ ዐይን ላይ ቦታ ይቀያየራሉና ዐይኑን አዙሮ መሥራት ያስፈልጋል።

በእኔ ግምት ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ግን ከዚያ በኋላ በነበረው ምልልስ 10ኛው «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንተ» ማለት ጀመረ፤ ለጀማሪ ሁለት መንገድ ማሳየት ማደናገር ነው በሚል። 12ኛው የጻፈው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለውን ተረት ብቻ ነው። ነገሩ እዚያ ላይ በረደ።

13ኛው ወደ ርዕሱ ሊመልሰን ፈልጎ ማንም የማይወደውን ጉዳይ አነሣ፦ የሙከራ ቁራጭ፣ ማለትም ሹራቡ ከመጀመሩ በፊት ልክ ለመለካት የሚሠራው ትንሽ ቁራጭ። ንድፉ በ10 ሳንቲሜትር 22 ዐይን ይላል፤ የሠሪው እጅ 20 ያወጣል። ሁለት ዐይን ምን ያደርጋል ይባላል። 200 ዐይን ዙሪያ ባለው ሹራብ ላይ ሲሰላ ግን 22 ከሆነ 91 ሳንቲሜትር ግድም፣ 20 ከሆነ ድፍን 100 ነው። 9 ሳንቲሜትር ሌላ ሰው የሚያስገባ ስፋት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

14ኛው ቁራጩም ቢሆን ይዋሻል ባይ ነው። ልኩ 10 ሳንቲሜትር ስለሆነ ብቻ 10 በ10 የሆነ ቁራጭ ሠርቶ ከዳር እስከ ዳር መለካት ከንቱ ነው፤ የዳር ዐይኖች ቅርጻቸው ይለያል። 15 ሳንቲሜትር ስፋት ሠርቶ መሐሉን መለካት ነው። ደግሞ ሹራቡ በሚታጠብበት መንገድ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሳይለጠጥ ተዘርግቶ። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ የተዘጋጀ ሱፍ ከውሃ ሲወጣ ሊረዝምና ሊሰፋ ይችላል፤ ያልታጠበ ቁራጭ ይህን አይናገርም። በዙር ለሚሠራ ሹራብ ጠፍጣፋ ቁራጭ መለካትም ያው ነው፤ የብዙ ሰው ግልባጭ ከቀጥታው ስለሚላላ ቁጥሩ አይገጥምም። ይህም 11ኛው የጠቀሰው የረድፎች መለያየት መሆኑን አስታወሰ።

15ኛው ቆብ የሚሠራ ሰው ቁራጭ አያስፈልገውም፣ ቆቡ ራሱ ቁራጭ ነው አለ፤ አልገጠመ እንደሆነ የሚተረተረው አንድ ልቃቂት ነው። አባባሉ ሰነፍ ቢመስልም ስህተት አላገኘሁበትም።

ከዚያ 16ኛው ያለ ምንም መነሻ ታሪክ ውስጥ ገባ። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያሉት የግብፅ ካልሲዎች፣ ቀይ ሱፍ የሆኑት፣ ለነጠላ ጫማ ማሰሪያ ሲባል አውራ ጣታቸው የተነጠለው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ250 እስከ 420 ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸውና ሹራብ ሥራ ያን ያህል ዕድሜ አለው ነው የሚለው።

17ኛው አረመው። ካልሲዎቹ ኦክሲሪንከስ ከተባለው ጥንታዊ ከተማ የተገኙ መሆናቸውና ዘመናቸው ልክ ነው፤ ግን በሹራብ መርፌ አልተሠሩም። ናልቢንዲንግ በሚባለው፣ ቀዳዳ ባለው በአንድ መርፌ በሚሠራ ዘዴ ነው። ፊታቸው ሲታይ ከሹራብ ጋር ያምታታል። በእርግጥ በሹራብ መርፌ የተሠሩት የግብፅ ቁርጥራጮች፣ ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች የሚበዙባቸው፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ የሚገመቱ ናቸው።

18ኛው በአንድ መርፌ ሆነ በሁለት ምን ለውጥ አለው ሲል ተሰላቸ። 17ኛው ተመልሶ በ19ኛው የሰጠው መልስ ከታሪኩ ይልቅ ጠቃሚ ሆነ። ናልቢንዲንግ አጫጭር ክር እየቀጠለ፣ በየዐይኑ ውስጥ የክሩን ርዝመት በሙሉ እያሳለፈ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ቢቀደድ እንኳ አይተረተርም። በሹራብ ሥራ ግን በዐይኑ ውስጥ የሚያልፈው የክሩ ጫፍ ሳይሆን እጥፉ ብቻ ነው፤ ስለሆነም ርዝመት ሳይገድበው ከልቃቂቱ እየተሳበ ይሄዳል፤ ሲጎተትም መልሶ ይፈታል። 6ኛው የወደደው መተርተርና 7ኛው የሚጠግነው መሰላል የሚመጡት ከዚህች ልዩነት ነው።

20ኛው ለ6ኛው ማሳሰቢያ አለኝ አለ፤ የማይተረተር ሹራብም አለ። ሱፍ በፀጉሩ ላይ ቅርፊት አለው፤ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና እሽታ ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ይያያዙና ሹራቡ ጠብቦና ጠጥሮ አንድ ወጥ ጨርቅ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ዐይን የሚባል የለም። አክሪሊክ በዚህ አይጠቃም፤ ፕላስቲክ ስለሆነ የሚፈራው ካውያን ነው። ትኩስ ካውያ ከነካው ክሩ ይልማል፣ ያብረቀርቃል፣ ላስቲክ የመሰለው ጠርዝ ተዘርግቶ እንደወጣ ይቀራል። ጥጥ ሁለቱንም ይችላል፤ ግን ስለማይለጠጥ እጅ ያደክማል፣ ከባድ ስለሆነም ረጅም ሹራብ በራሱ ክብደት ወደታች ይወርዳል። በመሐል ብረት መርፌ ለሚያንሸራትት ክር አይሆንም፣ ቀርከሃው ይይዘዋል የምትል ነገር ጣል አድርጎ ሄደ።

21ኛው የ8ኛዋ ጀማሪ ናት። ግልባጩን ከላይ ማዞር ጀምራ ዐይኖቹ እግራቸውን ከፍተዋል። መርፌዋ ላይ 44 ዐይን አለ፤ ከታች 12 ረድፍ ሸንተረር፣ ከዚያ 30 ረድፍ ጥምዝ ልሙጥ፣ ከላይ 4 ረድፍ የተስተካከለ። ጥምዙ ሸንተረሩ ላይ ለምን አልታየም፣ ደግሞስ ሁሉም ይተርተር ወይ ስትል ጠየቀች።

22ኛው ሸንተረሩ ሁሉም ረድፍ ቀጥታ ስለሆነ ግልባጭ አልገባበትም፣ እሱ ንጹሕ ነው አላት። ሠላሳው ረድፍ ግን የሚተው አይደለም፤ ጥምዝ ዐይን ይጠብቃል፤ ከላዩ የሚመጣው ደህናው ደግሞ ይሰፋል፤ ድንበሩ ከታጠበም በኋላ ይታያል። በ7ኛው ዘዴ ዓምድ በዓምድ ጥሎ መመለስ ይቻላል፤ ግን 44 ዐይን በ30 ረድፍ 1,320 ጊዜ ኪሮሽ ማስገባት ነውና ከመተርተር ይብሳል። ስለዚህ ከመሳብ በፊት 2.5 ወይም 3 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን መርፌ ወስዳ፣ በሸንተረሩ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የእያንዳንዱን ዐይን ቀኝ እግር እያነሣች ትሰካው፤ ከረድፉ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳትዘል። ከዚያ ትቁጠር። 44 ሳይሞላ ክሩ እንዳይነካ።